ሲም ከመክተታችሁ በፊት፦ ርካሽ ስልክ ውስጥ ቀድመው የገቡ አፖችን ማጣራት

ኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ሲረከብ መጀመሪያ የሚያደርገው ቀለም መቀባት አይደለም። የበሩን ቁልፍ መቀየር ነው። እኛም ቱሉ ዲምቱ ስንገባ እንደዚያው ነበር። ውሃው እንደልብ አይመጣም፣ ደረጃው ላይ የፈሰሰው ሲሚንቶ እንኳን አልተጠረገም። ቁልፍ የሚቀይረው ልጅ ግን ከብሎክ ብሎክ ሲሯሯጥ ነው የሚውለው። የሠራው ኮንትራክተር፣ ቀለም ቀቢው፣ ጥበቃው... ማን ዘንድ ስንት ቁልፍ እንዳለ አይታወቅማ!

ይሄው ሰው ግን መርካቶ ሄዶ አዲስ ስልክ ሲገዛ ነገሩን ሁሉ ይረሳዋል። ታክሲ ውስጥ ሲሙን ከተተ። ረዳቱ ሒሳብ ሰብስቦ ሳይጨርስ ቴሌብሩን አስገባ። ቃሊቲ ሳይደርስ የባንኩን አፕ ከፈተ። ቁልፉን ማን ማን እንደያዘው አልጠየቀም።

ርካሽ አንድሮይድ ከካርቶኑ ሲወጣ ባዶ ቤት አይደለም። ቀድመው የገቡበት አሉ። መደወያው፣ ካሜራው፣ ሰዓቱ የቤቱ ናቸው። ከነሱ ጋር ግን ማንም ያልጠራቸው ይኖራሉ፦ ዜናና ማስታወቂያ የሚገፋ፣ የራሱን የአፕ ሱቅ የከፈተ፣ "ስልክህን ላጽዳልህ" የሚል፣ ስሙም ምልክቱም የማይታይ። አንድ አንድሮይድ ስልክ ከ100 እስከ 400 የሚደርስ ቀድሞ የተጫነ አፕ ሊኖረው ይችላል። ከፕሌይ ስቶር ያወረዳችሁት አፕ ኤስኤምኤስ ለማንበብ ሲፈልግ ፈቃድ ይጠይቃል። ከፋብሪካ አብረው ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ግን ፈቃዱን ይዘው ነው የተወለዱት።

እኔ ነገሩ የገባኝ በጎረቤቴ ስልክ ነው። ከብሎካችን ሥር ሱቅ ያላቸው እናት ናቸው። አንድ ቀን ዳቦ ልገዛ ስወርድ ስልካቸውን አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

"ልጄ፣ ይሄ ስልክ ካርድ ይበላል።"

"እማማ፣ ልጆቹ ደውለውበት ይሆናል።"

"የትኞቹ ልጆች? ትምህርት ቤት አይደሉ እንዴ! ጠዋት 25 ብር ሞላሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ልደውል ስል ሒሳብ የለም አለችኝ።"

ስልኩ አዲስ ነው፣ ገና ሁለት ሳምንቱ። ፕላስቲኩ እንኳን ከስክሪኑ አልተላጠም። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ስልክ አጣሪ ሆኜ ቀርቻለሁ። ከዚህ በታች ያለው እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ነው። አንድ ምሽትና ሁለት ሌሊት ይፈጃል። የሚያስፈልጋችሁ ዋይፋይ (የሰው ሆትስፖትም ይሆናል)፣ የ25 ብር ካርድ፣ አንድ የምታምኑት አሮጌ ስልክ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። የስክሪን ላይ ስሞችን በእንግሊዝኛው አጠራር ነው የምጽፈው፤ አብዛኞቻችን ስልካችንን በእንግሊዝኛ ነውና የምንጠቀመው። በአማርኛ ካደረጋችሁት ሴቲንግ "ቅንብሮች"፣ ዲሴብል ደግሞ "አሰናክል" ብሎ ይመጣላችኋል። ከስልክ ስልክ ቦታው ትንሽ ይለያያል፤ ካጣችሁት ሴቲንግ ውስጥ ከላይ ባለው መፈለጊያ ስሙን ጻፉት።

1. ሱቁ ላይ ቆማችሁ

ካርቶኑ ማሸጊያው እንዳለ መሆኑን እዩ። ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ካርቶን ማለት አንድ ሰው መሀል ላይ ሶፍትዌሩን ሊነካካው ጊዜ ነበረው ማለት ነው። ስልኩን አስከፍቱና *#06# ደውሉ። የሚመጣው የአይኤምኢአይ ቁጥር (የስልኩ መለያ ቁጥር ነው) ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ከዚያ ሴቲንግ፣ አባውት ፎን፣ አንድሮይድ ቨርዥን። እዚያ ውስጥ የሴኪዩሪቲ አፕዴት ቀን ተጽፎ ታገኛላችሁ። ዛሬ የሚሸጥ ስልክ ቀኑ የዛሬ ሁለትና ሦስት ዓመት ከሆነ ተዉት። ለዚያ ስልክ የሚያስብለት ሰው የለም ማለት ነው።

የታወቀ ስም ያለው ስልክ በግማሽ ዋጋ ሲቀርብላችሁም ጠርጥሩ። በ2025 እ.ኤ.አ. ካስፐርስኪ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ እንዲህ አስመስለው በተሠሩ ስልኮች ውስጥ ትሪያዳ የተባለ ተንኮለኛ ሶፍትዌር ከሥር ተጭኖ አግኝቷል። ከ2,600 በላይ ሰዎች ነበሩ የተጎዱት፤ አብዛኞቹ ሩሲያ ውስጥ። ስልኩን የገዙት አዲስ ነው ብለው ነው።

ደረሰኝ ተቀበሉ። "ካልሠራ በስንት ቀን ነው የምትመልስልኝ?" ብላችሁ አፍ አውጥታችሁ ጠይቁ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ጠይቁ። ይሄ ጥያቄ ወደኋላ ላይ ያስፈልጋችኋል።

2. የመጀመሪያው ምሽት፦ ያለ ሲም

ቤት ስትደርሱ ስልኩን ያለ ሲም አስነሱት። በዋይፋይ ብቻ። ሲጀምር ብዙ ገጽ እያመጣ "እስማማለሁ" በሉ ይላችኋል። የጉግልን ውል ማለፍ አይቻልም። ሌላውን ግን ስኪፕ የሚል ካለው እለፉት። "የተጠቃሚ ልምድ ማሻሻያ ፕሮግራም" የሚል ነገር ከመጣ ምልክቱን አንሡት። በደግነት ስም የስልካችሁን ውሎ የሚልክ ነው።

የጉግል አካውንት ሲጠይቅ ዋናውን ኢሜላችሁን አትስጡት። ለጊዜው አዲስ ክፈቱ። ስልኩ ፈተናውን ካለፈ ሌላ ቀን ትቀይሩታላችሁ።

አሁን ፕሌይ ስቶርን ክፈቱ። ከላይ ጥግ ያለችውን ክብ ፎቶ ንኩ፣ ሴቲንግ፣ አባውት። እዚያ ውስጥ የፕሌይ ፕሮቴክት ሰርቲፊኬሽን የሚል አለ። "ሰርቲፋይድ" ካላለ ወይም ቦታው ጭራሽ ከሌለ ስልኩ የጉግልን ፍተሻ አላለፈም። ነገ ጠዋት ወደ ሱቁ መልሱት። ሰርቲፋይድ ካለ ደግሞ አትተኙ፤ ፍተሻ ያለፉ ስልኮችም ላይ ችግር ተገኝቶ ያውቃል።

ቀጥሎ የሲስተም አፕዴት ካለ አድርጉት። ብዙ ጥፋት የሚታረመው በዚህ በኩል ነው። ግን ደግሞ ጉዱን ስሙ። በ2016 እ.ኤ.አ. ክሪፕቶዋየር የተባለ የአሜሪካ የደኅንነት ድርጅት አንድ የ50 ዶላር ገደማ ስልክ ሲመረምር፣ የኤስኤምኤስ ጽሑፎችን ከነሙሉ ቃላቸው፣ የስም ዝርዝሩንና የደወሉበትን መዝገብ ጨምሮ በየ72 ሰዓቱ ሻንጋይ ወዳለ ሰርቨር የሚልክ ሶፍትዌር አገኘ። አዱፕስ ይባላል። ሥራው ምን ነበር? ስልኩን አፕዴት ማድረግ! ባለቤቱ ምንም አላየም። ምልክት የለ፣ ጥያቄ የለ። ስለዚህ አፕዴት አድርጉ፣ ግን አፕዴት ማድረጊያውንም ከዝርዝሩ ውስጥ አትዝለሉት።

3. ዝርዝሩን ማየት

ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ሲ ኦል አፕስ። ከላይ ጥግ ሦስት ነጥብ አለች፤ ንኳትና ሾው ሲስተም በሉ። ዝርዝሩ በአንድ ጊዜ ይረዝማል። አትደንግጡ።

ሁሉንም መመርመር አይጠበቅባችሁም። ዓይናችሁን የሚይዘውን ብቻ ወረቀት ላይ ጻፉ። እኔን የሚያጠራጥሩኝ እነዚህ ናቸው። ምልክት የሌለው፣ ወይም አረንጓዴዋን የአንድሮይድ ሮቦት ብቻ የያዘ አፕ። ስሙ "ሲስተም" ምናምን የሚል፣ ግን ዳታ የሚበላ። ሁለት ሴቲንግ፣ ሁለት ስልክ መደወያ ካለ አንዱ። የባትሪ ቆጣቢ፣ ክሊነር፣ ፈጣን ብራውዘር፣ የጨዋታ ሱቅ።

አንዳንዱ ሰው "ፕሌይ ስቶር ላይ ከሌለ ሌባ ነው" ይላል። እሱ እንኳን ልክ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የስፔንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከ214 አምራቾች የመጡ 1,742 ስልኮች ላይ ከ82,000 በላይ ቀድመው የተጫኑ አፖችን አጥንተው ነበር። አብዛኞቹ ፕሌይ ስቶር ላይ የሉም። ሁሉም ሌቦች ስለሆኑ አይደለም፤ ለዚያ ስልክ ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ነው። ችግሩ ፕሌይ ስቶር ላይ የሌለን አፕ ከውጭ ሆኖ የሚቆጣጠረው ሰው ማነሱ ነው። ከአምራቹ ሌላ ማስታወቂያ ሻጩም፣ ዳታ ሰብሳቢውም እጁን የሚያስገባው እዚህ ጋ ነው። ስልኩ ውስጥ እንዲገቡ ለአምራቹ የሚከፍሉ አሉ። የስልኩ ዋጋ የረከሰበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው።

4. ፈቃዶቹን መንጠቅ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፤ ቡና አፍሉና ተቀመጡ።

ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ፣ ፐርሚሽን ማኔጀር። ከሁሉ በፊት ኤስኤምኤስ የሚለውን ክፈቱ። ኤስኤምኤስ የማንበብ ፈቃድ ያለው ማን ነው? የመልእክት አፑ መሆን አለበት። ምናልባት ስልክ መደወያውና የጉግል ፕሌይ ሰርቪስ። ባትሪ ቆጣቢ ኤስኤምኤስ ምን ያደርግለታል? የፎቶ ማሳመሪያስ? ንጠቁት። ባንኩ የሚልክላችሁ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር የሚመጣው በኤስኤምኤስ ነው። ኤስኤምኤስን የሚያነብ አፕ ያንንም ያነባል።

ከዚያ ማይክሮፎን፣ ሎኬሽን፣ ኮንታክት፣ ኮል ሎግ። በዚያው መንገድ። አንዳንዱ ላይ ሊነጠቅ አልችልም ብሎ ደብዝዞ ታገኙታላችሁ። ስሙን ወረቀቱ ላይ ጻፉ፣ እንመለስበታለን።

ሰው የማያውቀው ሌላ ጓዳ አለ። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ስፔሻል አፕ አክሰስ። ከባዱ ነገር የተደበቀው እዚህ ነው፦

"ፕሪሚየም ኤስኤምኤስ" ማለት ብር ወደሚቆርጡ አጫጭር ቁጥሮች መልእክት መላክ ነው። ሁሉም ላይ ኔቨር አሎው በሉ። አንድም ልዩነት የለም።

"ኢንስቶል አንኖውን አፕስ" ማለት ከፕሌይ ስቶር ውጭ ሌላ አፕ ማምጣት ነው። ሁሉንም አጥፉ። አንዱ ሌባ ሌላውን የሚጠራው በዚህ በር ነው።

"ኖቲፊኬሽን አክሰስ" የኤስኤምኤስ ፈቃድ የተነጠቀ አፕ የሚዞርበት ጓሮ ነው። መልእክቱን ራሱን ባያነብም ከላይ ብቅ ሲል ያነበዋል።

"ዲስፕሌይ ኦቨር አዘር አፕስ" ሙሉ ስክሪን ማስታወቂያ የሚያወጡት የሚጠቀሙበት ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሴቲንግ ላይ "አክሰሲቢሊቲ" እና "ዲቫይስ አድሚን" ብላችሁ ፈልጉ። እናንተ ራሳችሁ ያላበራችሁት ነገር በርቶ ካገኛችሁ አጥፉት።

ኪቦርዱን ደግሞ ለብቻ እዩት። የምትጽፉት ሁሉ፣ የይለፍ ቃላችሁም ጭምር፣ በኪቦርዱ በኩል ነው የሚያልፈው። ከስልኩ ጋር የመጣው ስሙን የማታውቁት ኪቦርድ ከሆነ የጉግሉን ኪቦርድ ጂቦርድን ከፕሌይ ስቶር አውርዳችሁ ቀይሩት። አማርኛም አለው። ብራውዘሩንም እንዲሁ፤ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ይበቃል። መጨረሻ ላይ ሴቲንግ፣ ጉግል፣ አድስ ውስጥ ገብታችሁ የማስታወቂያ መለያውን ዲሊት በሉት።

5. ማጥፋትና ማሰናከል

ወረቀቱን አምጡ። የጻፋችሁትን አንድ በአንድ ክፈቱ። አንኢንስቶል የሚል ካለው እሰየው፣ አጥፉት። ዲሴብል ብቻ ካለው ዲሴብል በሉት። ዲሴብል የተባለ አፕ ቦታ ይዞ ይቀመጣል እንጂ አይሠራም። በሩን ቆልፋችሁበት ሶፋው ላይ ተኝቷል እንደማለት ነው።

አንዳንዶቹ ሁለቱንም ቁልፍ ያደበዝዙታል። እነሱን በኮምፒውተርና በኬብል የሚያስወጡ ልጆች አሉ። እኔ ለሰው ስልክ አላደርገውም፤ አንድ ስህተት ስልኩን ሳይነሣ ያስቀረዋል። ይልቅ ከጀርባ ሆኖ የሞባይል ዳታ እንዳይበላ ከልክሉት። ከአፕስ ዝርዝሩ ውስጥ ስሙን ንኩ፣ ሞባይል ዳታ፣ ባክግራውንድ ዳታን አጥፉ።

የማይነኩትን ልንገራችሁ፦ ጉግል ፕሌይ ሰርቪስ፣ ሲስተም ዩአይ፣ ፎን ሰርቪስ፣ ሲም ቱልኪት፣ አንድሮይድ ዌብቪው። አንድ የብሎካችን ልጅ በጉጉት ሁሉንም ሲያሰናክል ኪቦርዱንም አሰናክሎት፣ የስክሪኑን የይለፍ ቃል መጻፊያ አጥቶ ነበር የመጣው። አንድ ባሰናከላችሁ ቁጥር ስልኩን አጥፍታችሁ አስነሡት። ደህና ከሆነ ወደሚቀጥለው።

6. የካርድ ፈተና

አሁን ሲም ይገባል። ቴሌብርም ባንክም የሌለበት ሲም ቢሆን ይመረጣል።

የመጀመሪያውን ሌሊት የሞባይል ዳታውንም ዋይፋዩንም አጥፉ። 25 ብር ሙሉ። *804# ደውላችሁ ሒሳቡን እዩና ወረቀቱ ላይ ከነሰዓቱ ጻፉ (የሳፋሪኮም ሲም ከሆነ በራሱ አፕ ታዩታላችሁ)። ማንም እንዳይነካው አስቀምጡትና ተኙ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንደገና እዩ። ብሩ ከጎደለ አንድ ነገር ኤስኤምኤስ ልኳል፣ ወይም ሲሙ ራሱ የሆነ አገልግሎት ላይ ተመዝግቧል።

ሁለተኛውን ሌሊት ትንሽ የቀን ኢንተርኔት ጥቅል ግዙና ዳታውን አብርታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ዋናው ሒሳብ። ጥቅሉ ሳያልቅ ዋናው ሒሳብ ከጎደለ ነገር አለ። (ጥቅሉ ካለቀ ግን ዳታው ከዋናው ሒሳብ መቁረጥ ስለሚጀምር ፈተናው ይበላሻል፤ ከሱ ተጠንቀቁ።) ሁለተኛ፣ ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ዩሴጅ። ማንም ባልነካው ስልክ ሌሊቱን ማን ስንት ሜጋባይት በላ? ጉግል ትንሽ ይበላል፣ ደንብ ነው። ስም የለሽ አፕ 30 እና 40 ሜጋባይት ከበላ ግን ተኝቶ አላደረም።

የእማማን ስልክ እንዲህ አሳደርኩት። ማታ 3 ሰዓት ላይ 20 ብር ከ40 ሳንቲም ነበረው። ጠዋት 6 ብር ቀርቶታል፤ ጥቅሉ ግን ገና ግማሽ ነው። ዳታ ዩሴጅ ላይ ምልክት የሌለው አንድ አፕ አናት ላይ ቁጭ ብሏል።

ቢሆንም ስልኩን ከመክሰሴ በፊት ሲሙን አጣራሁ። ይሄን አትዝለሉት። ሲሙን አውጥታችሁ ወደምታምኑት አሮጌ ስልክ ክተቱ፣ ያው 25 ብር፣ ያው ሌሊት። እዚያም ብሩ ከጎደለ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። ሲሙ አንድ የጥቅስ፣ የስፖርት ወይም የዕድል ጨዋታ አገልግሎት ላይ ተመዝግቧል። መልእክት ሳጥኑን ፈልጉ፤ "ስለተመዘገቡ እናመሰግናለን" የሚል ከአጭር ቁጥር የመጣ ነገር አይጠፋም። ወደዚያው ቁጥር "ስቶፕ" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ላኩ፣ ካልሆነ 994 ደውሉና አስቁሙ። በአሮጌው ስልክ ብሩ ካልጎደለ ግን ሌባው ስልኩ ውስጥ ነው። የእማማ ሲም እኔ ስልክ ላይ ሁለት ሌሊት አደረ። አንድ ሳንቲም አልጎደለም።

"እኔን አላመናችሁኝም እንጂ እኔማ ነግሬያችኋለሁ" አሉ እማማ።

ይሄ የእማማ ብቻ ጣጣ አይደለም። በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ሴኪዩር ዲ የተባለ የሞባይል ደኅንነት አገልግሎትና ባዝፊድ ኒውስ ባወጡት ምርመራ፣ ቴክኖ ደብሊው 2 የተባለው ስልክ ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር ተጭነው ተገኝተዋል። አገሮቹ ሲዘረዘሩ ደቡብ አፍሪካ፣ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋና... ኢትዮጵያም አለችበት። ትሪያዳ በሩን ይከፍታል፣ ኤክስሄልፐርን ያስገባል፣ ኤክስሄልፐር ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቅ ብር በሚቆርጡ አገልግሎቶች ላይ ይመዘግበዋል። ሴኪዩር ዲ ከመጋቢት 2019 ጀምሮ ከ200,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች የመጡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ የክፍያ ጥያቄዎችን አግጃለሁ ብሏል። የስልኩ ባለቤት ኩባንያ ትራንሽን በበኩሉ ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ አንድ ስሙን ባልጠራው አቅራቢ ላይ ጥሏል። ከዚህ ምንም አላተረፍኩም፣ ማስተካከያም ልኬያለሁ ብሏል። ለዚህ ነው አፕዴት አድርጉ ያልኳችሁ።

7. ፈተናውን ከወደቀ

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሪሴት ነው፤ ስልኩን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ መመለስ። እኔም አድርጌዋለሁ። የእማማን ስልክ ሪሴት አድርጌ፣ ንጹሕ ሆኖ ተነሣ፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ ያ ምልክት የለሽ አፕ ቦታው ላይ ነበር።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የስልኩ ማከማቻ በሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ የእናንተ ነው፤ ፎቶ፣ መልእክት፣ ያወረዳችሁት አፕ። ሌላው የሲስተሙ ነው፤ ፋብሪካ ላይ ተጽፎ የተዘጋ። ሪሴት የሚያጠፋው የእናንተን ብቻ ነው። ከሲስተሙ ጋር የመጣ አፕ ግን ከሪሴት በኋላ ከዚያው ተነሥቶ ይመጣል። የጭቃ ቤት ምሰሶ ውስጥ ምስጥ ከገባ ግድግዳውን ብትለቀልቁት፣ ኖራ ብትቀቡት ምስጡ ምሰሶው ውስጥ ነው። የፕሌይ ፕሮቴክት ፍተሻም ሲስተም ውስጥ ያለውን አንዳንዴ ሊያሰናክለው ቢችልም ነቅሎ አያወጣውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሱቁ። ደረሰኙን፣ ሌሊቱን የጻፋችሁበትን ወረቀት፣ የዳታ ዩሴጁን ስክሪንሾት ይዛችሁ ሂዱ። "ቫይረስ አለው" ብቻ ካላችሁ "ሪሴት አድርጊው" ብለው ነው የሚመልሷችሁ። "ሪሴት አድርጌዋለሁ፣ ተመለሰ፣ ይኸው" ስትሉ ግን ወሬው ይቀየራል። እማማ የገዙበት ሱቅ ልጅ መጀመሪያ አልሰማም ብሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን እማማ ባንኮኒው ፊት ቆመው ለሌላ ደንበኛ ታሪኩን ማውራት ሲጀምሩ ነው የሰማው። ብሩን አልመለሰም ግን፣ ግማሽ ዋጋ ቀንሶ በሌላ እንዲቀይሩ ጠየቀ። እማማም እምቢ አሉ።

ሰፈር ያለ ጥገና ቤት "ፍላሽ ላድርግልህ" ይላል። ፍላሽ ማድረግ ማለት ያንን የተዘጋ ክፍል በአዲስ መጻፍ ነው፤ በትክክል ከተሠራ ይሠራል። ጥያቄው ፋይሉን ከየት ነው የሚያመጣው ነው። ከአምራቹ ድረ ገጽ ወይም ከአምራቹ አገልግሎት ማዕከል ከሆነ እሺ። ከማይታወቅ ቴሌግራም ቻናል ካወረደው አንዱን ሌባ አስወጥታችሁ ሌላ አስገባችሁ። አምራቹ ከተማ ውስጥ የጥገና ማዕከል ካለው ታክሲ ከፍላችሁም ቢሆን እዚያ ውሰዱት።

በሕጉ በኩል አንድ ነገር እወቁ። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለአንድ 25 ብር ካርድ ማንም እዚያ አይሄድም። ግን አንድ ብሎክ ሙሉ ሰው ተመሳሳይ ስልክ ገዝቶ ተመሳሳይ ነገር ከገጠመው አብሮ ማመልከቱ አይከፋም።

8. የብር ሲም የት ይቀመጥ?

ስልኩን መመለስም መቀየርም ካልቻላችሁ፣ ቢያንስ ብራችሁን ከሱ አውጡ። ቴሌብር ስማርት ስልክ ግድ አይልም፤ *127# በማንኛውም ባለ ቁልፍ ስልክ ይሠራል። የንግድ ባንኩም *889# እንዲሁ። ባለ ቁልፍ ሁሉ ንጹሕ ነው ግን አልልም። በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ ሩሲያዊ ተመራማሪ እዚያ የሚሸጡ ባለ ቁልፍ ስልኮችን ሲፈትሽ በድብቅ ኤስኤምኤስ የሚልኩ አግኝቷል። የካርድ ፈተናውን እሱንም አሳድሩበት። ዳታ የሌለው ከሆነ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

አጠራጣሪው ስልክ ላይ ፒን ጽፋችሁ ከነበረ ፒኑን ቀይሩ። ግን እዚያው ስልክ ላይ ሆናችሁ አይደለም፤ ሲሙን ካወጣችሁ በኋላ፣ በሌላው ስልክ። ይሄን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ሰው ብዙ ነው።

እማማ አሁን ሁለት ስልክ ነው ያላቸው። ብሩ ያለበት ሲም አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ሆኖ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ነው። ያ ካርድ በላተኛ ስልክ ደግሞ ሲም የለውም። ከባንኮኒው ጀርባ የለስላሳ ጠርሙስ ሳጥን ላይ ተደግፎ፣ በእኔ ዋይፋይ ቤይሩት ካለችው ልጃቸው ጋር ያገናኛቸዋል። ምንም ፈቃድ የለውም፤ ካሜራና ማይክሮፎን ብቻ፣ እሱም ለአንዱ አፕ ብቻ። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ልገዛ ስወርድ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ና እስቲ። ይሄ ነገር ደግሞ አፕዴት ልደረግ ይላል። ላድርገው?"

"ያድርጉት እማማ። ካለቀ በኋላ ግን ፈቃዶቹን አብረን እናያቸዋለን።"

አየናቸው። አፕዴቱ አንዱን ፈቃድ መልሶ አብርቶት አገኘነው። ስፔሻል አፕ አክሰስ ውስጥ፣ ኢንስቶል አንኖውን አፕስ። ከአፕዴት በኋላ ሁልጊዜ ወደ 4ኛው ተመለሱ።